ትንሽ ከተማ ውስጥ ሚስጥር እንዴት ይቆያል? ልቦለዴ ላይ እርዱኝ

ሰብሊ

ሰላም ቤተሰብ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ልቦለድ ላይ ተጥጄ ነው ያለሁት። ልብ አንጠልጣይ ነው፤ ግን ሽጉጥና ሩጫ የበዛበት ሳይሆን አብዛኛው ነገር የዋና ገጸ ባሕሪዋ ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ። አሁን ቆሞብኛል። የት ላይ እንደቆመ በደንብ ስላልገባኝ ነው እዚህ የመጣሁት።

ታሪኩ ይኸው። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ። ስሟን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ስጽፍ ግን ዓይኔ ላይ የነበረችው ያደግሁባት ከተማ ናት። አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዳሜ ገበያ፣ ጥቂት ጠላ ቤቶች። ሕይወት የምትባል ነርስ ከሃያ ዓመት በኋላ ለአባቷ ተዝካር ትመለሳለች። ጊዜው 2004 ዓ.ም. ነው። ታላቅ ወንድሟን በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ሌሊት ከቤት ወስደውት የት እንደደረሰ አልታወቀም። እሷ ያኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ከዚያ ሌሊት የቀራት የባትሪ መብራት፣ የውሻ ጩኸትና የሚከፈት በር ነው። በሩ ላይ የቆመው ጎረቤታቸው እንደነበር ታስታውሳለች። ሰውየው ያኔ አብዮት ጥበቃ ነበር።

ከተዝካሩ ሳምንት በኋላ ከድሮው የእህል መጋዘን ጀርባ አጥንት ይወጣል። ሕይወት መጠየቅ ትጀምራለች። በመጨረሻው ምዕራፍ አጥንቱ የወንድሟ መሆኑን ታረጋግጣለች፤ የጠቆመውም ያ ጎረቤት ነው። አለቀ።

ሁለት ሰው አንብቦልኝ ሁለቱም "ግማሹ ላይ ነቃሁብሽ" አሉኝ። እሱስ ይሁን። አንዷ የጠየቀችኝ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። "በዚያች ከተማ እኮ ጎረቤትሽ ቁርስ ምን እንደበላሽ ያውቃል። ታዲያ እንዴት ሆኖ ነው አንድ ሬሳ ሠላሳ አራት ዓመት ማንም ሳያውቀው የሚቆየው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አንባቢ_ብቻ

ጎረቤቱ ገና ሲገባ ነው የሚያስታውቀው። አብዮት ጥበቃ ነበር ካልሽ አንባቢ ወዲያው እሱ ላይ ይፈርዳል። እኔ ብሆን ንጹሕ አደርገው ነበር። ሌላ ሰው ይሁን፣ ለምሳሌ አባትየው።

ናቲ_ደብሊን

ሰብሊ፣ ጓደኛሽ የጠየቀችሽ ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ያለ ይመስለኛል። እዚህ አየርላንድ ስኖር አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ስለ ቱዋም ልንገርሽ። ጎልዌይ አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት።

ቱዋም ውስጥ ከ1925 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. መነኮሳት የሚያስተዳድሩት ቤት ነበር። ሳያገቡ ያረገዙ ሴቶች እዚያ ገብተው ይወልዳሉ። ከዚያ እናትየው ትሄዳለች፣ ልጁ ይቀራል። ካትሪን ኮርለስ የምትባል የከተማዋ ልጅ፣ የታሪክ ፍቅር ያላት የቤት እመቤት፣ ስለዚህ ቤት አንድ ጽሑፍ ልጻፍ ብላ ተነሣች። እዚያ የሞቱትን ልጆች የሞት ምስክር ወረቀት በራሷ ገንዘብ እየከፈለች አንድ በአንድ አወጣች። ስትቆጥረው 796 ሆነ። የት እንደተቀበሩ የሚናገር መዝገብ ፈለገች። የለም። በ2012 ጽሑፏን በአካባቢው የታሪክ መጽሔት ላይ አወጣች፤ ዓለም የሰማው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2017 የመንግሥት መርማሪ ኮሚሽን በሙከራ ቁፋሮ ከመሬት በታች ሃያ ክፍል ያለው ግንባታ መገኘቱን አስታወቀ። ከሃያው ቢያንስ አሥራ ሰባቱ ውስጥ የሕፃናት አጥንት ነበረ። ሙሉ ቁፋሮው የተጀመረው ገና በሐምሌ 2025 ነው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ሰዉ አያውቅም ነበር? ያውቅ ነበር እኮ! በ1975 እዚያ ሜዳ ላይ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች አንድ የሲሚንቶ ክዳን ከፍተው አጥንት አዩ። ቄስ መጣ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ተመልሶ ተከደነ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ባልና ሚስት ሣሩን እያጨዱ፣ አበባ እየተከሉ፣ የእመቤታችንን ትንሽ ሐውልት አቁመው ለዓመታት ተንከባከቡት። አስቢው። ሰው አበባ እየተከለበት ነው! ታዲያ ምን ተባለ? "የረሃብ ዘመን አጥንት ነው" ተባለ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ የገባው ታላቅ ረሃብ ማለታቸው ነው። ቦታው ከዚያ በፊት የድሆች መጠለያ ስለነበር ነገሩ ያስኬዳል።

እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይህን ነው። ከተማ ሚስጥር ለመጠበቅ መዋሸት አያስፈልጋትም። ሌላ የሚያስኬድ ታሪክ ካገኘች ይበቃታል። ያንቺ ከተማ ሰዎች አጥንቱ ሲወጣ ምን ይላሉ?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ፤ ይህ ነው ከሁሉ በላይ የያዘኝ። ኮርለስ ትንሽ ልጅ ሳለች የዚያ ቤት ልጆች አብረዋት ይማሩ ነበር። ለብቻቸው ነው የሚቀመጡት። አንድ ቀን የክፍሏ ልጅ ስታደርግ አየችና እሷም ባዶ የከረሜላ ወረቀት እንዳለ ጠቅልላ ለአንዷ ልጅ ሰጠቻት። ልጅቷ ደስ ብሏት ከፈተችው። ባዶ ነው። አደገች፣ አገባች፣ ልጆች ወለደች፤ ያ ወረቀት ግን አልለቀቃትም። ጥናቱን ስትሠራ ያች ልጅ በዓይኗ ትመላለስ እንደነበር ራሷ ተናግራለች።

የመረሬ_ልጅ

ናቲ የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ሰብሊ፣ እኔ የግብርና ባለሙያ ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍ ላይ ብዙ የምለው የለም። ግን አጥንቱ እንዴት እንደሚወጣ አልነገርሽንም። በቁፋሮ ነው? በጎርፍ? እዚህ ላይ ልረዳሽ እችላለሁ። ምሥራቅ ጎጃም ካልሽ መሬቱ በብዛት መረሬ ነው፣ ጥቁር አፈር። መረሬ ዝም ብሎ አይተኛም። ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ እጅህን እስከ ክርንህ ልትከት ትችላለህ። ከላይ ያለው አፈር እየረገፈ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ከታች ያለው ያብጥና ወደ ላይ ይገፋል። አፈሩ ራሱን በራሱ ያርሳል ነው የምንለው። የአጥር ቋሚ ያዘማል፣ የቤት ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ የተቀበረ ድንጋይ በየዓመቱ ከፍ ከፍ እያለ ይወጣል።

ስለዚህ መርማሪም ቁፋሮም አያስፈልግሽም። ሚያዝያ ላይ፣ መሬቱ አፉን ከፍቶ ሳለ፣ አንድ ፍየል ጠባቂ ልጅ ዱላውን ስንጥቅ ውስጥ ይሰድዳል። በቃ። መሬቱ ራሱ በሠላሳ አራት ዓመት ቀስ እያለ ገፍቶ አወጣው ማለት ነው።

ጋሽ_መምህሩ

ልጄ ሰብለ፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በዚህ መድረክ ብዙ አልጽፍም። የጻፍሽውን ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ማንም ሳያውቀው" የሚለውን ቃል ከታሪክሽ አውጪው። እኔ ያየሁት እንደዚያ አልነበረም። ሬሳው መንገድ ላይ ይጣላል፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ይለጠፍበታል። ሁሉም እያየ ያልፋል። ማልቀስ ክልክል ነው። ሬሳውን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የከፈለ ቤተሰብ አለ። ሬሳ ያላገኘው ደግሞ ልቅሶ ሳይቀመጥ፣ ፍትሐት ሳያስፈታ ቀረ። ማን ወሰደው፣ ማን ጠቆመ፣ ማን በር አንኳኳ፣ ሁሉም ያውቃል። የወሰደውና የተወሰደበት አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። ከአንድ ወፍጮ ቤት ያስፈጫሉ። ልጆቻቸው አንድ ክፍል ይማራሉ፤ እኔው ነኝ ያስተማርኳቸው።

የራሴን ልንገርሽ። ታናሽ ወንድሜ በዚያው ዓመት ቀረ። ከወሰዱት አንዱ ጎረቤታችን ነበር። ደርግ ከወደቀ በኋላ ሰውየው ጥቂት ጊዜ ታስሮ ወጣ። ከዚያ ሰንበት ሰንበት ቡና ሲጠራ እናቴ ዘንድ መምጣት ጀመረ። ማንም አልከለከለውም። እናቴ ትቀዳለታለች። ስኒውን ግን እጁ ላይ ሰጥታው አታውቅም። ለሁሉም በእጅ ትሰጣለች፤ የሱን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች፣ እሱ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። ለዓመታት እንዲሁ ነበር። አንድም ቃል አልተነጋገሩበትም። እናቴ ያረፈች ቀን አስከሬኗን ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። የዕድር ተራው ነበር። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ትከሻውን እያየሁ ነው ቤተ ክርስቲያን የደረስኩት።

እና ልጄ፣ አንባቢሽ ሬሳው የት እንዳለ በመጀመሪያው ገጽ ቢያውቅ ምንም አይጎድልበትም። የሚያስፈራው እዚያ አይደለም ያለው።

ሰብሊ

ጋሼ፣ ምን እንደምልዎት አላውቅም። ነፍስ ይማር። ስለ ስኒው የጻፉትን አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩና ትንሽ ወጣሁ።

ናቲ፣ የኔ ከተማ ሰዎች "የጣሊያን ጊዜ አጥንት ነው" ነው የሚሉት። ገና ጥያቄህን ሳነብ መልሱ በከተማዬ ሽማግሌዎች ድምፅ ነው የመጣልኝ። አልጻፍኩትም ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ነገር ሊሉ እንደማይችሉ አውቃለሁ።

ማርታ_አትላንታ

እኔ ትንሽ ከተማ የግድ ገጠር መሆን የለባትም ባይ ነኝ። እዚህ አትላንታ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት ኢትዮጵያዊት ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሆቴል ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ የሚሠራ ሰው አየች። በቀይ ሽብር ጊዜ አዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (ከቀበሌ በላይ የነበረ አስተዳደር) ሊቀመንበር የነበረው ነው። እሷ ደግሞ እሱ ፊት የተገረፈች ናት። ሆቴሉ አንድ፣ አሠሪው አንድ።

ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ሆና ከሰሰችው። በ1993 የፌዴራል ፍርድ ቤት ለእያንዳንዳቸው አምስት መቶ ሺህ ዶላር ፈረደላቸው፤ በ1996 ይግባኝ ሰሚው አጸናው። እሱ ግን ክርክሩ ሳያልቅ ዜግነት አግኝቶ ነበር። ዜግነቱ ተነጥቆ ወደ ኢትዮጵያ የተላከው በ2006 ነው።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያስጨንቀኝ ከማየቷ እስከ መናገሯ ያለው ጊዜ ነው። የሥራ ልብሷን ለብሳ ትገባለች። እሱ እዚያ አለ። አሳንሰሩ ሲከፈት ማን እንደሚወጣ አታውቅም። ስለዚያ ጊዜ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ብታነቢ አትሰለቺም። ሰብሊ፣ ሕይወት ከተማ ስትገባ ጎረቤቱን ወዲያው ነው የምታየው ወይስ ቆይታ? ወዲያው አሳያት። ሰላም ይበላት። ጉንጯን ይሳማት።

ዳጊ

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር ላይ አልስማማም።

አንባቢ_ብቻ ጎረቤቱን ንጹሕ አድርጊው አለሽ። እባክሽ እንዳታደርጊው! ዘንድሮ ሁሉም ጸሐፊ ገዳዩን ሲያጥብ ነው የማየው። አጎቴ የቀረው በዚያ ዘመን ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ከፍቼ "ለካ ምስኪን ነበር" የሚል መጨረሻ ባገኝ መጽሐፉን እዘጋዋለሁ።

ደግሞ ስለ ዝምታው ስትጽፉ ዝምታው ራሱ የተቀደሰ ባህል እንዳይመስል ፍሩ። ሰው ዝም ያለው ፈርቶ ነው። በኋላ ደግሞ ዝም ያለው የሚሰማው ስላጣ ነው። ሲጠየቅ ግን ተናግሯል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ሲቋቋም ሰዉ ወረፋ ይዞ ቃሉን ሰጥቷል። የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ኮተቤ ላይ ሲቆፍሩ ሰዎቹ የታነቁበት የናይለን ገመድ ከአጥንቱ ጋር ነው የወጣው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት ሙዚየም ሄጄ አጥንቱን ከነልብሱ አይቼዋለሁ። ሹራብ ነበር፣ እጅጌው ላይ በክር የተጠገነ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጠገነለት ሹራብ። ከዚያ በኋላ ስለ ይቅርታ ቶሎ የሚያወራ ሰው ያናድደኛል።

ጋሽ_መምህሩ

ዳጊ ልጄ፣ እውነትህን ነው። እናቴ ስኒውን ጠርዝ ላይ ማስቀመጧ ይቅርታ አልነበረም። እኔም እንደ ይቅርታ አልጻፍኩትም።

ብሩክ_ሥነልቦና

እኔ ወደ ሕይወት ትዝታ ልመልሳችሁ፤ ሰብሊ ሳታውቀው የታሪኩን ቁልፍ እዚያ ያስቀመጠችው ይመስለኛል።

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሌሊት ነው፣ ፈርታለች። የዚያን ዕድሜ ትዝታ ሰው እንደ ፎቶ አያስቀምጠውም። በየጊዜው ሲያስታውሰው እንደገና ይሠራዋል፤ ሲሠራው ደግሞ ሌሎች የነገሩትን እየጨመረ ነው። ኤልዛቤት ሎፍተስ የምትባል ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር ያወጣችው ጥናት አለ። 24 ሰዎች ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ቤተሰባቸው የነገራቸውን ሦስት እውነተኛ የልጅነት ታሪክ ሰጧቸው፤ በመሃል አንድ ያልሆነ ታሪክ ጨመሩ። በልጅነትህ ገበያ ማዕከል ውስጥ ጠፍተህ፣ አልቅሰህ፣ አንድ አሮጊት አግኝታህ ነበር የሚል። ሩብ ያህሉ ሙሉውን ወይም ከፊሉን አስታወስን አሉ። አልዋሹም። ከታመነ ሰው አፍ ስለመጣ ነው።

ሰብሊ፣ እንግዲህ ልጠይቅሽ። በሩ ላይ የቆመው ጎረቤቱ እንደነበር ሕይወት ራሷ አይታለች ወይስ ሲነገራት አድጋለች? ሲነገራት ካደገች የነገራት ማን ነው? ደግሞ ከዚያ ሌሊት ሦስት ነገር ብቻ ነው የቀራት፤ መብራት፣ ውሻ፣ በር። የሰው ድምፅ የለም። ማንም አላናገራትም? የስድስት ዓመት ልጅ ትልልቅ ሰዎች ቤቱን ሞልተውት አንድም ቃል አትሰማም? እኔ አንባቢ ብሆን የምጠረጥረው ያንን ጸጥታ ነው።

እስካሁን ስለ ከተማዋ ዝምታ ነው የተወራው። ከተማዋ ማንን ለመጠበቅ ነው ዝም ያለችው?

አንባቢ_ብቻ

ወይኔ ብሩክ። ቀፈፈኝ። ጎረቤቱን ንጹሕ አድርጊው ያልኩትን አንሥቻለሁ፤ ዳጊ ትክክል ነው።

ሰብሊ

ሌሊቱን አልተኛሁም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አውጥቼ እንደገና አነበብኩት።

ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከሦስት ዓመት በፊት የጻፍኩት፣ እንዲህ የሚል አንድ አረፍተ ነገር አለ። "ሕይወት ከአውቶቡስ ወርዳ መናኸሪያው በር ላይ ከረሜላ የሚሸጥ ልጅ ስታይ ምክንያቱን ሳታውቅ አቅለሸለሻት።" እኔ ነኝ የጻፍኩት። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከዚያ በኋላ በ14 ምዕራፍ ውስጥ ከረሜላ የሚባል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ ተመልሶ አልመጣም። ልሰርዘው ሁሉ ነበር።

ናቲ ስለዚያ ባዶ ወረቀት ባትጽፍ ኖሮ አላየውም ነበር።

አሁን የታየኝ ይህ ነው። ወንድሟ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ ቆጥ ላይ ተደብቋል። ጎረቤቱ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ስትጫወት አገኛት። ጎረቤት ነው፣ ጋሼ ነው የምትለው። ከረሜላ ሰጣት። ስለ ድመቷ ጠየቃት፣ ስለ አሻንጉሊቷ ጠየቃት። ከዚያ "ጋሽዬሽስ የት ነው የሚተኛው?" አላት። ነገረችው። ለምን አትነግረውም?

ሌሊት መጡ። እናቷ ልጅቷ እጅ ላይ ወረቀቱን አየች። በማግስቱ እናት፣ አባትና የንስሐ አባታቸው ተቀምጠው ወሰኑ፤ ይቺ ልጅ መቼም አትሰማም። ሰፈሩም ያውቃል። ጎረቤቱ አፉን ከከፈተ ልጅቷ ትሰማለች። እናትየው ሠላሳ አራት ዓመት ለሱ ቡና የቀዳችው ለዚህ ነው። ያጎረሰችው ዝም እንዲል ነው።

ስለዚህ ዳጊ፣ ንጹሕ አይደለም። የጠቆመው፣ ያታለለው፣ የወሰደው እሱ ነው። ሕይወት ግን ስትቆፍር ወደሱ እየቀረበች ሳይሆን ወደ ራሷ እየቀረበች ነው። ሁሉም ሰው "ተዪው ልጄ" የሚላት እሱን ሊያድን እየመሰላት እየከረረች ትሄዳለች።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ስኒውን ልጠቀምበት ይፈቅዱልኛል? ሁለተኛው፣ ልጆችን እንደዚያ ይጠይቁ ነበር?

ጋሽ_መምህሩ

ስኒውን ተጠቀሚበት። እናቴ ብትሰማ አታፍርበትም።

ሁለተኛውን ስትጠይቂ ትንሽ ቆይቼ ነው የምመልስልሽ ብዬ ነበር፤ ግን ልጻፈው። አዎ፣ ልጆችን ይጠይቁ ነበር። እኔ ክፍል ውስጥ ሳለሁ ሰዎች መጥተው አንድ ልጅ ጠርተው አውጥተዋል። የሁለተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ሲመለስ ደስ ብሎት ነው የተመለሰው፤ እርሳስ ሰጥተውታል። አዲስ እርሳስ፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው። ለጓደኞቹ አሳያቸው። እኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ነበር። ምን ጠየቁህ ብዬ አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ትምህርት ቤት አልመጣም፣ ከዚያም ቤተሰቡ ከተማውን ለቀቀ።

እስካሁን ለማንም አልነገርኩም። ያኔ ብጠይቀው ኖሮ ወደ ቤታቸው ሰው ልልክ እችል ነበር። ጊዜ ነበረ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጊዜ ነበረ።

ስለዚህ ልጄ፣ ልጅቷን ስትጽፊ እጅሽ አይክበድባት። ታሪክሽ ውስጥ ደግሞ አንድ መምህር ቢኖር ደስ ይለኛል። ሰሌዳው ላይ ፊቱን እንዳዞረ።

ዳጊ

ጋሼ...

እኔ ምንም አልልም። አለሁ እዚህ።

ማርታ_አትላንታ

ጋሼ፣ ዛሬ ብቻዎትን አይሁኑ። ልጆችዎ አጠገብ ካሉ ይጥሯቸው።

ጋሽ_መምህሩ

አለሁ ማርታ ልጄ። ልጄ እዚሁ ናት፣ ቡና እያፈላች ነው።

ብሩክ_ሥነልቦና

ጋሼ፣ ስለነገሩን እናመሰግናለን። ማውራት ከፈለጉ በውስጥ መስመር ስልኬን ልኬልዎታለሁ፤ በማንኛውም ሰዓት።

ሰብሊ፣ አንድ የሙያ ማሳሰቢያ። ሕይወት እውነቱን ስታውቅ ትዝታው እንደ ፊልም ተመልሶ እንዳይመጣላት። ልብ ወለዶች ላይ የምናየው፣ የተረሳ ነገር በአንዴ ሙሉ ሆኖ የሚመለስበት ትዕይንት በእውን ብዙም የለም። ላታስታውሰው ትችላለች፣ መቼም። ሰው ይነግራታል፣ ታምናለች፣ የራሷ ትዝታ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል። ያደረገችውን ታውቃለች፣ ስታደርገው ግን ራሷን ማየት አትችልም። የአፏ ጣዕም ብቻ ሊቀር ይችላል። እሱን ደግሞ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፈሽዋል።

የመረሬ_ልጅ

ሰብሊ፣ ፍየል ጠባቂውን ልጅ የስድስት ዓመት አድርጊው።

ሰብሊ

አንድ ሳምንት ጠፋሁ፣ ይቅርታ። እየጻፍኩ ነበር።

14ቱንም ምዕራፍ ትቼ ከመጀመሪያ ጀመርኩ። አጥንቱ አሁን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይወጣል። ከተማው "የጣሊያን ጊዜ ነው" ይላል፣ ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ሴቶቹ አሸንድዬ ይተክሉበታል። የማን እንደሆነ አንባቢ ወዲያው ያውቃል፤ ሕይወትም ታውቃለች። ጎረቤቱ ተዝካሩ ላይ መጥቶ ጉንጯን ይስማታል። መምህሩ አሉበት። ሰሌዳው አለ፣ እርሳሱም አለ። ጋሼ፣ ምዕራፉን በውስጥ መስመር ልኬልዎታለሁ፤ አንብበው አንዲት መስመር እንኳ ካልተስማማዎት አወጣዋለሁ።

መጨረሻውን ገና አላውቅም። መጀመሪያውን ግን አገኘሁት። ተዝካሩ ዋዜማ ሕይወት ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችውን ሻንጣ ትከፍታለች። ለሰፈሩ ልጆች ልብስ፣ ደብተር፣ አንድ ትልቅ ከረጢት ከረሜላ። እናቷ ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ዓይኗ ደክሟል። ልብሱን በእጇ እየዳሰሰች ትመርቃለች፣ ደብተሩን ትመርቃለች። ከረጢቱ ጋ ስትደርስ ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል። እጇን ትሰበስባለች።

"ይሄን ከቤቴ አውጪልኝ" ትላለች።

ሕይወት ሳቅ ብላ ምን ሆነሽ ነው ብላ ትጠይቃለች። እናትየው አትመልስም። ሕይወት ከረጢቱን ይዛ ወደ ደጅ ስትወጣ ነው ትዝ የሚላት፤ በዚህ ቤት ውስጥ፣ በልጅነቷ ሁሉ፣ ለጥምቀትም ለፋሲካም፣ አንድ ቀን እንኳ ከረሜላ ገብቶ አያውቅም።